የጆርጂያን ቤት እንዴት ይነበባል? ከእግረኛ መንገዱ እስከ ጣራው

ለንደን ዘመድ በመጣ ቁጥር አስጎብኚው እኔ ነኝ። ድልድዩና ትልቁ ሰዓት ታይተው ካለቁ በኋላ ብሉምስበሪ ሰፈርን በእግር እንዞራለን። ሁሌም አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ «ይሄ ሁሉ ቤት ለምን አንድ ዓይነት ሆነ?» አክስቴ ደግሞ ባለፈው ጊዜ ቆም ብላ አየችና «ኮንዶሚኒየም ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ማታ ላይ ሳስበው ግን ብዙም አልተሳሳተችም። በሊዝ መሬት ላይ፣ በአንድ ንድፍ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ፣ ለገበያ የተሠራ ቤት ነው። ልዩነቱ ዕድሜው 250 ዓመት መድረሱና ሲያዩት ቤተ መንግሥት መምሰሉ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ፊት ቆማችሁ የትኛው ነገር ለምን እዚያ እንዳለ፣ የትኛው የጥንት፣ የትኛው በኋላ የተጨመረ እንደሆነ የምታውቁበትን መንገድ ልንገራችሁ። አንድ ሰዓት ይበቃል። ጫማ ይመቻችሁ፣ ስልካችሁን ለካሜራው ያዙ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ጆርጂያን የሚለው ቃል ከካውካሰሷ ጆርጂያ ጋር አይገናኝም። ከ1714 እስከ 1830 ብሪታንያን በተከታታይ የገዙት አራት ነገሥታት ሁሉም ጆርጅ ይባሉ ነበር፤ ስሙ ከእነሱ ነው። የአሜሪካዋ ጆርጂያ እንኳ ስሟን ያገኘችው ከሁለተኛው ጆርጅ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መንገዱን ተሻገሩና ቁሙ

ብዙ ሰው በሩ ሥር ሄዶ ይቆምና አንገቱን ያንጋጥጣል። ይህ ስህተት ነው። ተሻግራችሁ ከማዶ እዩት። ቤቱ የተሠራው ከማዶ እንዲታይ ነው።

ከዚያ አንዱን ቤት ለብቻው አትዩት፤ ረድፉን በሙሉ እዩ። ለንደን ቤድፎርድ ስኩዌር ከሆናችሁ ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። አደባባዩ ከ1775 እስከ 1783 የተሠራ ነው። በየጎኑ መሀል ላይ ያለው ቤት ብቻ ነጭ ተለስኖ፣ ከአናቱ ሦስት ማዕዘን ግንባር ተደርጎለታል። ግራና ቀኙ ያሉት ተራ የጡብ ቤቶች ናቸው። ከሩቅ ስታዩት አንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት ነው፤ መሀሉ ዙፋን ያለበት፣ ጎንና ጎኑ ክንፍ የሆነለት። ስትጠጉ ደግሞ ብዙ በር ያለው፣ ብዙ ሰው የሚኖርበት ረድፍ ነው። ዘዴው ይኸው ነው። አንድ ነጋዴ ወይም ጠበቃ በራሱ አቅም ቤተ መንግሥት መሥራት አይችልም፤ የቤተ መንግሥት አንድ ቁራጭ መግዛት ግን ይችላል።

አሁን አንዱን ቤት ምረጡና የመስኮቶቹን ቁመት በየፎቁ አወዳድሩ። ከመንገዱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው ፎቅ ላይ መስኮቱ ረጅሙ ነው። ከዚያ ወደ ላይ እያጠረ ይሄድና ከጣራው ሥር አራት ማዕዘን ይሆናል። ይህ አሠራር ከጣሊያናዊው አርክቴክት ከአንድሬያ ፓላዲዮ የተወሰደ ነው። ግንባሩ እንደ ጥንት ቤተ መቅደስ ይታሰባል። የታችኛው ፎቅ መሠረት፣ መሀሉ ዓምድ፣ ላይኛው ራስ። ዓምድ የሌለው ቤት እንኳ ዓምድ ያለው ይመስል ተመጥኖ ነው የሚሠራው።

የመስኮቱ ቁመት የኑሮ ደረጃም ነው። ረጅሙ መስኮት ባለበት አንደኛ ፎቅ እንግዳ የሚቀበሉበት ሳሎን አለ። ከሥሩ፣ ከመንገዱ ትይዩ፣ ምግብ የሚበላበት ክፍል። ከሳሎኑ በላይ መኝታ። ከጣራው ሥር ሠራተኞችና ልጆች። ከመሬት በታች ኩሽና። እኛ ሰርቪስ ቤት ጓሮ ውስጥ እንሠራለን፤ እነሱ ሰርቪሱን ግማሹን ከእግራቸው ሥር፣ ግማሹን ከራሳቸው በላይ አደረጉት። ምድጃ አንዳጁ ሠራተኛ በቀን ስንት ጊዜ ከሰል ተሸክሞ አምስት ፎቅ እንደሚወጣ አስቡት።

2. ቤቱ ስንተኛ ደረጃ ነው?

የ1774 የለንደን የግንባታ ሕግ መኖሪያ ቤቶችን በአራት ደረጃ ከፈላቸው። መለኪያው ዋጋና ስፋት ነበር። ዋጋው ከ850 ፓውንድ፣ መሬት ላይ የሚይዘው ቦታ ከ900 ስኩዌር ፊት በላይ የሆነ አንደኛ ደረጃ ነው። 900 ስኩዌር ፊት 84 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አራተኛው ደረጃ ከ150 ፓውንድ በታች፣ ከ350 ስኩዌር ፊት ያነሰ፤ ማለትም ከ33 ካሬ ሜትር በታች። ለእያንዳንዱ ደረጃ የግድግዳው ውፍረት በሕግ ተወስኗል።

በዓይን ለመገመት ቀላሉ መንገድ መስኮት መቁጠር ነው። ወደ ጎን ሦስት መስኮት ካለው ደህና ኑሮ ያለው ቤተሰብ ቤት ነው። ሁለት ከሆነ የእጅ ባለሙያ ወይም የጸሐፊ። አምስት ካያችሁ የመኳንንት ነው፤ ያንን ማንም ሳይነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

3. መስኮቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ

ስለዚህ ቤት አንድ ነገር ብቻ እወቁ ብባል መስኮቱን እመርጣለሁ። ዕድሜው፣ ግብሩ፣ የእሳት ፍርሃቱ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል።

መስኮቱ ሳሽ ይባላል። ሁለት ክፈፍ ነው፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። እንደ እኛ መስኮት በማጠፊያ አይከፈትም፤ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል። ከባዱን ክፈፍ በአንድ ጣት ከፍ ማድረግ የሚቻለው በግራና በቀኝ ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት በገመድ ስለተንጠለጠለ ነው። ክፈፉ ሲወጣ ክብደቱ ይወርዳል። ገመዱ ሲበጠስ መስኮቱ እንደ ቢላ ይወርዳልና እጃችሁን ጠብቁ።

መጀመሪያ የመስኮቱ እንጨት ከጡቡ ፊት ምን ያህል እንደገባ እዩ። በ1666 ለንደን በእሳት ነደደች። ከዚያ በኋላ የወጡ ሕጎች እንጨትን ከግንባሩ ደረጃ በደረጃ አባረሩት። እንጨቱ ከግድግዳው ፊት ጋር እኩል ከሆነ ቤቱ ከጆርጆቹ ዘመን ይቀድማል ወይም መባቻው ላይ ነው። የ1709 ሕግ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግባ አለ። የ1774ቱ ደግሞ ባሰበት፤ ክብደቱ ያለበት ሳጥን ራሱ ከጡቡ ጀርባ ይደበቅ አለ። ስለዚህ ከውጭ ሰፊ የእንጨት ጠርዝ የሚታይ ከሆነ ቀደም ያለ ነው፤ ቀጭን መስመር ብቻ የሚታይ ከሆነ ከ1774 በኋላ። ይህ ለለንደን ነው። ወደ ክፍለ ሀገር ስትወጡ ፋሽኑ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ያንን ግምት ውስጥ አስገቡ።

ቀጥሎ መስታወቱን የሚከፋፍሉትን እንጨቶች እዩ። በመጀመሪያው ዘመን ከአውራ ጣት ይወፍሩ ነበር። እየቀጠኑ ሄደው በ1800 አካባቢ ትንሿን ጣት አከሉ። ዋና ዋና መስኮቶች ላይ የተለመደው ስድስት በስድስት ነው፤ ከላይ ስድስት መስታወት፣ ከታች ስድስት።

አሁን ጠጋ በሉና የላይኛውን ክፈፍ ታችኛ ማዕዘኖች እዩ። ወደ ታች የወጣ ትንሽ የእንጨት ቀንድ ካለ መስኮቱ የጆርጅ ዘመን አይደለም። ቀንዱ የመጣው ከጆርጆቹ በኋላ፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ጊዜ፣ መስታወቱ ትልቅና ከባድ ሲሆን መጋጠሚያውን ለማጠንከር ነው። ይህቺን አንዲት ነገር ካወቃችሁ ብዙ ደላላ ትበልጣላችሁ።

መስታወቱ ራሱ ደግሞ አለ። ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ያህል ራቁና በውስጡ የማዶውን ዛፍ እዩ። ከዚያ ራሳችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ። የፋብሪካ መስታወት ከሆነ ዛፉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የጥንቱ ከሆነ ግንዱ ይታጠፋል፣ ቅርንጫፉ እንደ ውኃ ይዋኛል፣ አጠገቡ ያለው መስታወት ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ይሆናል። ምክንያቱ አሠራሩ ነው። የቀለጠውን መስታወት በቧንቧ ነፍተው፣ በዘንግ ጫፍ ይዘው እያሽከረከሩ እንደ ምጣድ ክብ አድርገው ይዘረጉታል። ከዚያ ክብ ላይ ነው ትንንሾቹ አራት ማዕዘኖች የሚቆረጡት። መሀሉ ላይ ዘንጉ የነበረበት እብጠት ይቀራል። ያ ርካሹ ክፍል ነበር። ዛሬ መጠጥ ቤቶች ጥንታዊ ለመምሰል በገንዘብ ያስገጥሙታል!

የተደፈነ መስኮት ካያችሁ አጠገባችሁ ያለው ሰው «የመስኮት ግብር ነው» ይላችኋል። ግብሩ እውነት ነው። በ1696 ተጀምሮ በ1851 ነው የቀረው። መስኮታቸውን የደፈኑም ነበሩ። ግን ሁሉም ድፍን መስኮት የግብር አይደለም። ብዙ ጊዜ ከኋላው የጭስ ማውጫ አለ፤ ወይም ሁለት ክፍል የሚለይ ግድግዳ። ግንበኛው መስኮት መክፈት አይችልም፤ ረድፉ እንዳይጎድል ግን መስኮት የሚመስል ጉድጓድ ትቶለታል። እንዴት ይለያል? ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ጡብ ከዙሪያው ጋር አንድ ቀለም ሆኖ ከጠርዙ ጋር ተቆላልፎ ከተገነባ ከመጀመሪያው ድፍን ነበር። ቀለሙ ከተለየ ወይም ዳር ዳሩ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ከታየ በኋላ ነው የተደፈነው።

4. በሩ

በሩ የባለቤቱ ክራቫት ነው። ረድፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሰው የራሱን ጣዕም የሚያሳየው እዚህ ነበር።

ከበሩ አናት የግማሽ ክብ መስታወት አለ። ፋንላይት ይባላል፤ በእጅ የሚይዙት ማራገቢያ ሲዘረጋ ስለሚመስል። ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከበሩ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ጠባብና ረጅም ነው፤ ሌላ ብርሃን የለውም። በመጀመሪያዎቹ ቤቶች ላይ ከበሩ በላይ ያለው መስታወት አራት ማዕዘን ሆኖ በወፍራም እንጨት የተከፋፈለ ነበር። በኋላ በብረትና በእርሳስ እንደ ጥልፍ ሠሩት። ደብሊን ሜሪየን ስኩዌር ብትሄዱ ትልልቅ ፋንላይቶችን ደማቅ ቀለም ከተቀቡ በሮች በላይ ታገኛላችሁ።

መዝጊያው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰሌዳ ያለው ነው። መሀሉ ላይ የፖስታ ቀዳዳ ካለ፣ ቀዳዳው በዕድሜ ከቤቱ ያንሳል። ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ የተጀመረው በ1840 ነው፤ በሮች የተበሱት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቤድፎርድ ስኩዌር ላይ በሮቹን የከበቡትን ነጫጭ ብሎኮች እዩ። ትል የበላው እንጨት ይመስላሉ። ከቅስቱ አናት ደግሞ ጺማም ፊት ያፈጥባችኋል። ድንጋይ መሰላችሁ? አይደለም። እንደ ሸክላ የተጋገረ ነው። ኤሌኖር ኮድ የምትባል ሴት ከ1769 ጀምሮ ለንደን ላምቤዝ ውስጥ ፋብሪካ ይዛ ታመርተው ነበር። አንድ ቅርጽ ይወጣለታል፣ በብዛት ይጋገራል፣ ለግንበኞች ይሸጣል። በዚያ ዘመን ሴት፣ ያውም በግንባታ ሥራ! ዝናብና ጥቀርሻ ድንጋዩን ሲበላው የእሷ ሥራ ግን ፊቱ እንኳ አልደበዘዘም።

5. አሁን ወደ ታች እዩ

በበሩና በመንገዱ መካከል ጠባብ ጉድጓድ አለ። እንግሊዞቹ ዝም ብለው ኤሪያ ይሉታል። ለኩሽናው ብርሃን የሚገባበት፣ ነጋዴና ሠራተኛ የሚወርድበት ነው። ወደ ዋናው በር የምትገቡት በላዩ በተዘረጋ የድንጋይ ድልድይ ነው። እንግዳ በድልድዩ፣ ወተት ሻጭ በጉድጓዱ።

ዙሪያውን የብረት አጥር አለ። አንዳንድ ቦታ አጥሩ የለም፤ ከድንጋዩ ላይ ግን የተቆረጡ የብረት ጉቶዎች ብቅ ብቅ ብለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረት ተብሎ በዘመቻ የተቆረጠ ነው። ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማና ለንደን ውስጥ ደግሞ ከአጥሩ ጋር የተያያዘ፣ የተገለበጠ ቀንድ የሚመስል ብረት ታገኛላችሁ። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ጊዜ ልጆች ችቦ ይዘው ባለጠጎችን ቤታቸው ያደርሱ ነበር። በር ላይ ሲደርሱ ችቦውን እዚያ ውስጥ ሰክተው ያጠፉታል።

በሩ አጠገብ፣ ከመሬት አንድ ጫማ ከፍ ብሎ፣ ጠፍጣፋ ብረት አለ። የጫማ ጭቃ መፋቂያ ነው። መንገዱ ላይ ጭቃ ብቻ ሳይሆን የፈረስ ፋንድያም ነበረና።

እግረኛ መንገዱ ላይ ክብ የብረት ክዳን ፈልጉ። ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ነው ከሰል የሚገለበጠው። የቆማችሁበት መንገድ ባዶ ነው ማለት ነው፤ ከሥራችሁ የጡብ ቅስት ያለው መጋዘን አለ። ቀዳዳው ሆን ተብሎ ጠብቧል፤ ሌባ ሰውነቱን እንዳያስገባ።

እዚህ ላይ በጣም የምወደው ነገር አለ። ምድር ቤቱ ሙሉ በሙሉ የተቆፈረ አይደለም። ጥቂት ይቆፍሩና አፈሩን ከፊት ለፊት ይከምሩታል፤ መንገዱም በዚያ ከፍ ይላል። ወደ ጓሮ ብትዞሩ ኩሽናው ከመሬቱ ጋር እኩል ሆኖ በሩ አትክልት ቦታው ላይ ይከፈታል። የጥንቱ መሬት ጓሮው ነው። መንገዱ ነው ሰው ሠራሹ።

6. ጡቡ፣ ሊዙ እና ማጭበርበሩ

ጡቡን ጠጋ ብላችሁ እዩ። በእያንዳንዱ ረድፍ አንድ ጡብ በርዝመቱ ተኝቶ፣ ቀጥሎ አንድ ጡብ በጭንቅላቱ ይታያል፤ እንደገና በርዝመት፣ እንደገና በጭንቅላት። ይህ ፍሌሚሽ አደራደር ይባላል። በጭንቅላቱ የሚታየው ጡብ ወደ ኋላ ገብቶ ግንባሩን ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ማሰር አለበት።

አለበት አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አያስርም። ይህን ለመረዳት ገንዘቡን ማወቅ ያስፈልጋል። መሬቱ የመኳንንት ነው። አይሸጡትም፤ በሊዝ ያከራያሉ። ቀደም ሲል ለ61 ዓመት፣ በኋላ ለ99። ዘመኑ ሲያልቅ ቤቱም መሬቱም ለባለመሬቱ ይመለሳል። ቤቱን የሚሠራው አናጢ ወይም ግንበኛ ነው፤ በብድር። ግንባታው እስኪያልቅ ያለው ኪራይ በውሉ ላይ «አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለስሙ ያህል። ስለዚህ ሩጫ ነው። ቁንዶ በርበሬው ሳያልቅ ቤቱ ቆሞ መሸጥ አለበት። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ በወንፈል ይሠሩ ነበር። አናጢው የለሳኙን ቤት በርና መስኮት ይሠራል፤ ለሳኙ በተራው የአናጢውን ግድግዳ ይለስናል።

የሚሸጠው ግንባሩ ነው። ውዱ ጡብ ፊት ላይ ይደረደራል፣ ርካሹ ከኋላ። ውዱን ለመቆጠብ ብዙ ግንበኞች በጭንቅላት የሚታየውን ጡብ ለሁለት ሰብረው ግማሹን ብቻ ይለጥፉ ነበር። ከውጭ ፍጹም ነው፤ ከውስጥ ግን ምንም የያዘው የለም። ግድግዳው ውስጥ ደግሞ የእንጨት ማሰሪያ ይቀብራሉ። እንጨቱ ሲበሰብስ ግንባሩ ወደ ውጭ ያብጣል።

ፈትሹት። ግድግዳው ሥር ቆማችሁ ጉንጫችሁን ወደ ጡቡ አስጠጉና ወደ ላይ በጎን እዩ። ሆዱ የገፋ ይመስላል? ክብ ወይም የመስቀል ቅርጽ ያለው የብረት ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ታያላችሁ? ያ ብረት ከውስጥ በዘንግ ግንባሩን ጎትቶ የያዘ ነው። ቤት ልትገዙ ከሆነ ይህን ካያችሁ ባለሙያ ሳትጠሩ አትፈርሙ።

ስለ ቀለሙ በአጭሩ፦ በ1700ዎቹ መጀመሪያ ቀይ፣ እየቆየ ቡናማና ግራጫ፣ መጨረሻ ላይ ቢጫ። ከመስኮቱ በላይ ያለው ቅስት ግን በተለየ ለስላሳ ጡብ ይሠራል። እያንዳንዱ ጡብ ተፍቆ ተለክቶ ስለሚገባ መገጣጠሚያው ክር ያህላል። ጎበዝ ግንበኛ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነበር። ከ1800 ወዲህ ደግሞ የታችኛውን ፎቅ በኖራ ለስኖ መስመር አስምሮ ድንጋይ ማስመሰል ፋሽን ሆነ።

ባዝ ላይ ድንጋዩ እውነተኛ ነው፤ ማር የሚመስል፣ ከከተማዋ ዳር የተፈለጠ። ባዝ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለችም። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው የተቀመጡባት ከተማ ናት። ግን የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ የጆርጆቹ ዘመን ቤት አይደለም፤ የቪክቶሪያ ዘመን ቪላ ነው። ግድግዳ ከማንም ጋር አይጋራም። ሄዳችሁ ብታዩት ልዩነቱን ለመለየት ጥሩ ልምምድ ይሆናችኋል።

7. ወደ ጓሮ ዙሩ

ባዝ ውስጥ ጆን ዉድ ልጅየው ከ1767 እስከ 1774 የሠራው ሮያል ክሬሰንት አለ። እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፉ 30 ቤቶች ናቸው። ከፊት አንድ ወጥ፣ ዓምዶቹ እንደ ሰልፈኛ። ከኋላ ብትሄዱ ግን ጉድ ነው። አንዱ ወጣ ያለ፣ አንዱ ገባ ያለ፣ መስኮቱ ከፍና ዝቅ። የግንባሩን ንድፍ ማንም መንካት አይችልም ነበር፤ ከግንባሩ ጀርባ ያለውን ግን እያንዳንዱ ገዢ በፈቃዱና በኪሱ መጠን አሠራው።

ለንደንም ላይ ከኋላ ብዙ ሚስጥር ይወጣል። ከፊት ጣራው አይታይም። ግድግዳው ከጣራው በላይ አልፎ ይወጣል፤ ፓራፔት የምንለው ነው። በ1707 የወጣ ሕግ ከጣራው ሥር የሚወጣውን የእንጨት ጌጥ ከልክሎ ነው ይህ የተለመደው፤ አሁንም እሳት ፈርተው። ከኋላ ስታዩ ግን ግድግዳው አናት ላይ የቪ ፊደል ቅርጽ ታያላችሁ። ሁለት ተዳፋት ጣራዎች መሀል ላይ ወደ አንድ አሸንዳ ይወርዳሉ። ከፊት እንዳይታይ ተብሎ የተሠራ ጣራ ነው። ቅጠል አሸንዳውን ሲዘጋው ውኃው በቀጥታ መኝታ ቤት ይገባል። የማውቀው ሰው በየጥቅምቱ መሰላል ይከራያል።

8. ግቡ

በሩ ከተከፈተላችሁ ደረጃው ላይ አተኩሩ። የቤቱ አጥንት ነው። በእያንዳንዱ ፎቅ አንድ ክፍል ከፊት፣ አንድ ከኋላ አለ፤ ደረጃው በጎን በኩል ይወጣል።

የእጅ መደገፊያውን የያዙትን ቋሚዎች ቁጠሩ። የተጠማዘዙና ወፍራም ከሆኑ የመጀመሪያው ዘመን ነው። ቀጥ ያሉ ቀጫጭን እንጨቶች ከሆኑ፣ መደገፊያውም ጠቆር ያለ ማሆጋኒ ከሆነ ወደ መጨረሻው ነው። ከዚያ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ውጡ። እንግዳ እስከሚደርስበት ፎቅ ድረስ ቋሚዎቹ ያማሩ ናቸው። ከዚያ በላይ ድንገት ተራ ይሆናሉ። ደረጃውም ይጠባል። በሮቹ ከስድስት ሰሌዳ ወደ አራት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ይወርዳሉ። የምድጃው ዙሪያ ከእብነ በረድ ወደ እንጨት ይለወጣል። ገንዘቡ እንግዳው ዘወር የሚልበት ደረጃ ላይ አለቀ።

ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ላይ የተቀረጸ ጠርዝ አለ። ኮርኒስ ይባላል። እኛ ቃሉን ወስደን ሙሉውን ጣሪያ ኮርኒስ አልነው፤ እዚህ ቤት ውስጥ ግን ጠርዙ ብቻ ነው። ወገብ አካባቢ ግድግዳውን የሚዞር ሌላ የእንጨት መስመርም አለ። ያኔ ወንበር ሁሉ ከግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፤ መስመሩ ልስኑን ከወንበር ጀርባ ያድናል።

መስኮቱ አጠገብ ደግሞ ግድግዳ የሚመስለውን ሰሌዳ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ። ብዙ ጊዜ ታጥፎ የተደበቀ መዝጊያ ይወጣል። አንዳንዴ ቀለም ተቀብቶበት ለመቶ ዓመት ያልተከፈተ።

9. የምትኖሩበት ከሆነ

ብዙዎቻችን እንዲህ ባለ ቤት የምንኖረው በባለቤትነት አይደለም፤ ተከፋፍሎ በተከራየ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እኔም መጀመሪያ የተከራየሁት ምድር ቤት ነበር። ኩሽና የነበረ። ግድግዳው ያለቅስ ነበር። አከራዩ በፕላስቲክ ቀለም ቀባው። በሦስት ወሩ ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፋ። ደግሞ ቀባው። ደግሞ ተነፋ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት ለሳኝ መጣና ቀለሙን በጥፍሩ ላጥ አድርጎ «ግድግዳውን አፍናችሁታል» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ቤት በኖራ ነው የተሠራው። ኖራ እርጥበት ይስባል፣ መልሶ ያስወጣል። ልስኑ ኖራ፣ አሸዋና የእንስሳ ጸጉር ተደባልቆ በቀጫጭን እንጨቶች ላይ የተለጠፈ ነው። በላዩ ፕላስቲክ ቀለም ወይም ሲሚንቶ ስታደርጉ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። በጡቦቹ መካከል ያለው ኖራ ሲረግፍም በሲሚንቶ አታስሞሉት። ሲሚንቶው ከጡቡ ይጠነክራል፤ እርጥበቱ በጡቡ በኩል ይወጣና በክረምት ሲበርድ የጡቡ ፊት ይረግፋል።

ሌላው ሕጉ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ1700 እስከ 1850 ተሠርተው መልካቸውን የጠበቁ አብዛኞቹ ቤቶች በቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። የተመዘገበ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ መልኩን የሚቀይር ሥራ መሥራት ወንጀል ነው፤ ከውስጥም ቢሆን። መስኮት ከመቀየራችሁ፣ ምድጃ ከመንቀላችሁ በፊት የአካባቢውን ምክር ቤት ጠይቁ። ሮያል ክሬሰንት ላይ አንዲት ባለቤት በ1970ዎቹ በሯን ቢጫ ቀብታ ከምክር ቤቱ ጋር ትልቅ ክርክር ገጥማ ነበር። አሸነፈች። እናንተ ግን በዚህ አትበረታቱ።

10. የት ልለማመድ?

ከውጭ ለማየት ቤድፎርድ ስኩዌርን የሚያህል የለም፤ በነጻ ነው። ቀደም ያለውን ዘመን ከፈለጋችሁ ስፒታልፊልድስ፣ ፎርኒየር ጎዳና። ከፈረንሳይ በሃይማኖት ምክንያት የተሰደዱ የሐር ሸማኔዎች የኖሩበት ሰፈር ነው። ውስጡን ለማየት ለንደን ውስጥ የአርክቴክቱ የሰር ጆን ሶን ቤት በነጻ ይገባል። ባዝ ላይ የሮያል ክሬሰንት 1 ቁጥር ቤት፣ ኤደንብራ ላይ ሻርሎት ስኩዌር 7 ቁጥር ቤት ሙዚየም ሆነዋል፤ ኩሽናቸው ሳይቀር ይታያል።

ዝናብ ባለበት ቀን ከሄዳችሁ በሩ አጠገብ ያለችውን ብረት አትርሱ። ጭቃ መፋቂያዋ አሁንም ትሠራለች።